የጉድሩ መነኩሴ፤ የአቡነ ማስያስ የሕይወት ታሪክ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ የሕይወት ታሪክ እንዲወጣ በተወሰነ ጊዜ፣ ስለ ማን ይጻፍ የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ብዙ ክርክር አስነሣ። አንዳንዶቻችን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱትንና በነቀምት ያረፉትን አናሲሞስ ነሲብን መረጥን፤ ሌሎቻችን ከወለጋ ባላባቶች አንዱን እንጻፍ አልን። አንድ ጓደኛችን ግን የአቡነ ማስያስን ስም አነሣ። ያን ጊዜ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ቅዱስ ሰው ናቸው ሲል፣ ግማሹ ደግሞ ለቅኝ ገዥ መንገድ የጠረጉ ሰው ስለ ሆኑ በመጽሔታችን ቦታ አይገባቸውም አለ። በኋላ ግን በአንድ ነገር ተስማማን፤ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ታሪክ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሚያከራክረውን መርምሮ መጻፍ ግን የተማሪ ሥራ ነው። ስለዚህ እሳቸውን መረጥን። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

እኚህ ሰው በአውሮፓ ጉሊየልሞ ማሳያ ይባላሉ፤ በአገራችን ግን አባ ማስያስ ወይም አቡነ ማስያስ በሚለው ስም ታወቁ። የተወለዱት በ1809 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንት ግዛት፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ነው። የክርስትና ስማቸው ሎሬንዞ አንቶኒዮ ነበረ። በ1826 ዓ.ም.፣ 17 ዓመት ሲሆናቸው፣ ከቱሪን ከተማ አጠገብ ባለ ገዳም ገብተው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች ከሆኑት ከካፑቺን መነኮሳት ማኅበር ተቀላቀሉ፤ ጉሊየልሞ የሚለውንም ስም ያን ጊዜ ተቀበሉ። እኛ ዛሬ የት ትምህርት እንቀጥል ብለን በምንጨነቅበት ዕድሜ እሳቸው የዕድሜ ልካቸውን መንገድ መርጠው ነበር ማለት ነው።

ስለ ሰውየው ከመናገራችን በፊት ስለ ማኅበራቸው ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ሳለ ሀብቱን ትቶ በድህነት የኖረና በ1226 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። ለተከታዮቹ የሰጠው ሥርዓት አጭር ነው፤ የራስ ገንዘብ አይኑራችሁ፣ በእጃችሁ ሥሩ፣ ሲቸግራችሁ ለምናችሁ ብሉ፣ በሄዳችሁበት ሁሉ ሰላምን አውጁ የሚል ነው። በገለልተኛ ስፍራ ሱባኤ ለሚገቡት ደግሞ ልዩ ሥርዓት ሰጥቷቸዋል። በዚህ ሥርዓት ሦስት ወይም አራት ወንድሞች አብረው ይኖራሉ፤ ከነሱም ሁለቱ እንደ እናት ሆነው የቤቱን ሥራና እንግዳ መቀበሉን ሲይዙ፣ ሌሎቹ እንደ ልጅ ሆነው በዝምታ ይጸልያሉ፤ ከጊዜ በኋላም ሥራውን ይለዋወጣሉ። ዓመቱንም በጾምና በበዓል ይከፍሉታል። አንዱ ጾም ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ልደት ነው፤ ሌላው ከፋሲካ በፊት ያለው ታላቁ ጾም ነው። በ1223 ዓ.ም. ግሬቾ በምትባል መንደር የጌታን ልደት በግርግምና በእንስሳት መካከል ያከበረው ይኸው ፍራንቸስኮስ ነበር። ካፑቺኖች ከዚህ ማኅበር ወጥተው በ1528 ዓ.ም. በሮማው ጳጳስ የተፈቀደላቸው፣ የቀደመውን ድህነት ጠብቀን እንኑር ያሉ ወንድሞች ናቸው። ስማቸው የመጣው ከሾጣጣው ቆባቸው ነው።

ማስያስ በ1832 ዓ.ም. ቅስና ተቀብለው ከ1834 እስከ 1836 ዓ.ም. በቱሪን ከተማ በአንድ ሆስፒታል የበሽተኞች ቄስ ሆነው አገለገሉ። በዚያም ሐኪሞቹን እየተመለከቱ ጥቂት የሕክምና ዕውቀት አገኙ። ይህ ዕውቀት በኋላ በአገራችን ከማንኛውም ስብከታቸው ይልቅ በር የከፈተላቸው ሆነ። ከሆስፒታሉ ከወጡ በኋላ ለወጣት መነኮሳት ፍልስፍናና ነገረ መለኮት አስተማሩ። በዚያ ዘመን አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ መንገደኛ እስከ እናርያ ድረስ ደርሶ ነበርና፣ ወደ ኦሮሞ አገር መምህራን እንዲላኩ ለሮማ አሳሰበ። ጳጳሱ ግሪጎሪዮስ 16ኛ ይህን ሥራ ለካፑቺኖች ሰጡ፤ ማስያስም በ1846 ዓ.ም. በሮማ የጵጵስና ማዕረግ ተቀብለው፣ ገና ጎልማሳ ሳሉ ተላኩ።

መንገዱ የሚያስፈራ መሆኑን ያውቁ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢየሱሳውያን መምህራን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ያስነሡት የሃይማኖት ጦርነት በሕዝቡ ልብ ውስጥ አልጠፋም ነበር። ከዚያም በኋላ በ1638 ዓ.ም. ሁለት ካፑቺኖች፣ አጋታንጆና ካሲያኖ፣ በጎንደር ተሰቅለው ሞተዋል፤ በ1716 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ሦስት የፍራንቸስኮስ ልጆች በዚያው በጎንደር በድንጋይ ተወግረዋል። በማስያስም ዘመን የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሰላማ የሮማን መምህራን በጥብቅ ይቃወሙ ነበር። ስለዚህ ማስያስ በምፅዋ ወርደው ወደ ትግራይ ቢገቡም ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ። በ1849 ዓ.ም. በምፅዋ አባ ያዕቆብ ተብለው ለሚታወቁት ለዩስቲኖ ዴ ያኮቢስ ጵጵስና ሰጥተው ወደ አውሮፓ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ባለ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ነጋዴ ለብሰው፣ ስማቸውንም ለውጠው፣ ከግብፅ ተነሥተው የዓባይን ወንዝ ተከትለው በሱዳን በኩል መጡ። ጎጃምንም አቋርጠው በ1852 ዓ.ም. በኅዳር ወር የዓባይን በረሃ ተሻግረው ጉድሩ ገቡ። ወደ ተላኩበት አገር ለመድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈጅቶባቸዋል።

የጉድሩ አገር ዛሬ በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ዞን ውስጥ ይገኛል። ከነቀምት ወደ ሻምቡ ሄዶ ከዚያም ወደ ዓባይ የተጓዘ ሁሉ ያን ደጋ ያውቀዋል። ማስያስ ያረፉባት አሰንዳቦ በጅማ መንገድ ካለችው አሰንዳቦ ጋር መምታታት የለባትም። የጉድሩዋ አሰንዳቦ በዚያ ዘመን ታላቅ ገበያ ነበረች። የጎጃም ነጋዴዎች ከባሶ ገበያ ተነሥተው ዓባይን ሲሻገሩ የሚያገኟት እሷን ነው፤ ከከፋና ከእናርያ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ በእሷ ያልፍ ነበር። የሚያሳዝነው ደግሞ ሰውም እንደ ዕቃ በዚያው መንገድ ይነዳና ይሸጥ ነበር። አገሩ በገዳ ሥርዓት የሚመራ ሲሆን፣ ጋማ ሞራስ የተባለ ኃይለኛ ሰው ከሌላው በላይ ለመሆን ይታገልበት ነበር። ሕዝቡ በዋቃ ያምናል፤ ከጎጃም የመጡ ክርስቲያኖችና እስላም ነጋዴዎችም በመካከሉ ይኖሩ ነበር። እንግዳውን መነኩሴ አላባረሩትም። በሰሜን የተዘጋባቸውን በር የጉድሩ ሰዎች ከፈቱላቸው።

ማስያስ የገቡበት ወር ለማኅበራቸው የጾም ወር ነው፤ ለአገራችንም ክርስቲያኖች ጾመ ነቢያት የሚጀመርበት ነው። ዓመቱን በጾምና በበዓል ለሚቆጥር ሰው የሚጾም መነኩሴ እንግዳ አይደለም። የጉድሩ ኦሮሞም ቢሆን የራሱ ወቅትና የራሱ ምስጋና ነበረው፤ ክረምቱ ሲያልፍና ወንዞች ሲጎድሉ እርጥብ ሣር ይዞ ለፈጣሪው ምስጋና የሚያቀርብ ሕዝብ ነው። ክረምት የዓባይን መሻገሪያ ይዘጋዋል፤ ነጋዴም ደብዳቤም አያልፍም። በጋ ሲመጣ መንገዱ ይከፈታል፤ ገበያው ይሞላል። የማስያስም ቤት በዚሁ አገራዊ ወቅት ውስጥ ሆኖ የራሱን የጸሎት ዓመት ይቆጥር ነበር።

ያ ቤት ግንብ የሌለው፣ ሣር ክዳን ጎጆ ነበረ። በውስጡ የሚኖሩት ጥቂት መነኮሳት፣ ጥቂት ተማሪዎችና ከባርነት የተዋጁ ልጆች ነበሩ። ይጸልያሉ፣ ይማራሉ፣ ይሠራሉ፤ በበዓል ቀንም ቅዳሴ ይቀደሳል። ከመምህራኑ አንዱ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በቤተ ክህነት ትምህርት የታወቁ ሆነው፣ በጎጃም ተቀምጠው የግዕዝ መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር፤ በ1856 ዓ.ም. በካርቱም ሞቱ። ሌላው አባ ሊዮን ዴዛቫንሼ በጌራ አገር እስከ 1879 ዓ.ም. ኖረው እዚያው አረፉ። እኛ ይህን ስናነብ አንድ ነገር አስተዋልን፤ ሱባኤ ማለት ከሰው መሸሽ ብቻ አይደለም። የአሰንዳቦ ቤት ከታላቅ ገበያ አጠገብ የነበረ ሱባኤ ነው፤ የሚጸልየው ሰው በደጁ የሚነዳውን ባሪያ እያየ ነበር የሚጸልየው።

በዚያ ዘመን የሕዝቡ ትልቁ መቅሠፍት ፈንጣጣ ነበረ። ፈንጣጣ በገባበት መንደር ልጆች ያልቃሉ፤ የተረፈውም ወይ ይታወራል፣ ወይ ፊቱ ይበላሻል። በአገራችን አንዳንድ ስፍራ ከበሽተኛ መግል ወስዶ በጤነኛው ቆዳ ላይ በማስገባት መከላከል ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ራሱን ፈንጣጣውን ስለሆነ የሚያስገባው አንዳንዱን ይገድል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር በ1796 ዓ.ም. የሞከረው ግን ከላም ፈንጣጣ የሚወሰድ፣ ቀለል ያለ ክትባት ነው። ማስያስ በቱሪን ሆስፒታል ያዩትን ይዘው በጉድሩና ከዚያ በስተ ደቡብ ባለችው በላጋማራ ሕዝቡን መክተብ ጀመሩ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ መንደር ይመጡ ነበር። ሕዝቡም የፈንጣጣ አባት ብሎ ጠራቸው። ይህን ስም ከሊቀ ጳጳስነት ማዕረግ የሚያንስ አድርገን አናየውም። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀው በ1980 ዓ.ም. ነው። ብዙ የአገራችን ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ተጉዘው የፈጸሙት ያ ሥራ በዚህ በወለጋ ምድር ከመቶ ዓመት በፊት ጀማሪ ነበረው።

ሁለተኛው ሥራቸው የቋንቋ ነው። ኦሮምኛና አማርኛ ተምረው፣ በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ የሁለቱን ቋንቋዎች ሰዋስው በላቲን ቋንቋ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ ኦሮምኛን የጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ማስተማሪያ ቤት ከፍተው ነበር። ሕዝቡን በመጽሐፋቸው የጠሩት የውጭ ሰዎች በዚያ ዘመን ይጽፉት በነበረው፣ ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠረውና በማንጠቀምበት ስም ጭምር ነው፤ ይህንንም መሸፈን አልፈለግንም።

ከጉድሩ ወደ ላጋማራ፣ ከላጋማራ ወደ እናርያ፣ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ከፋ ሄዱ። በከፋ ትምህርታቸው በተለይም ስለ ጋብቻ የተናገሩት ሹማምንቱን ስላላስደሰተ በ1861 ዓ.ም. ተባረሩ። ወደ ሰሜን ሲመለሱም በ1863 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ታሰሩ፤ ሲፈቱም ወደ አውሮፓ ሄዱ። እንደገና በ1868 ዓ.ም. ሸዋ ገቡ። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር ማለፍ ነበር፤ ነገር ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አማካሪያቸው እንዲሆኑ ፈልገው አስቀሯቸው፤ በፊንፊኔም፣ ቢርቢርሳ በተባለው ስፍራ፣ ቦታ ሰጧቸው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ አልተቆረቆረችም ነበር። በሸዋ 11 ዓመት ከተቀመጡ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ አገር መምህራን ከአገር እንዲወጡ ስላዘዙ በ1879 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተባረሩ። ያን ጊዜ 70 ዓመታቸው ነበር።

በ1884 ዓ.ም. ጳጳሱ ሊዮን 13ኛ የካርዲናልነት ማዕረግ ሰጧቸው። በጉድሩ በጎጆ የተቀመጡት መነኩሴ በሮማ ቀይ ልብስ ለበሱ። በዚሁም ጊዜ በኢትዮጵያ ስላሳለፉት 35 ዓመት የሚተርክ 12 ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፉ፤ ከ1885 ዓ.ም. ጀምሮ ታተመ። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች የወጡት ከሞቱ በኋላ ነው። ብዙውን የጻፉት በእርጅናቸው በትዝታ ስለ ሆነ፣ የታሪክ ሊቃውንት ሲጠቀሙበት ከሌላ ምስክር ጋር እያስተያዩ ነው፤ ሆኖም ስለ ጉድሩ፣ ስለ እናርያና ስለ ከፋ የዚያ ዘመን ኑሮ ከእሱ የሚበልጥ ሰፊ የጽሑፍ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። አቡነ ማስያስ በ1889 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ በ80 ዓመታቸው፣ በናፖሊ አጠገብ አረፉ፤ የተቀበሩት በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። የተወለዱባት መንደርም ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። በ2016 ዓ.ም. የሮማው ጳጳስ ፍራንቸስኮስ ሕይወታቸው የቅድስና ምሳሌ ነው ብለው ክቡር የሚለውን መጠሪያ ሰጥተዋቸዋል።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን ክርክር እንመለስ። መንገድ ጠራጊ ናቸው ያሉት ጓደኞቻችን ከንቱ ነገር አልተናገሩም። አቡነ ማስያስ በሸዋ ሳሉ ንጉሡ ከኢጣልያ ጋር እንዲወዳጁ ይመክሩ ነበር፤ በ1876 ዓ.ም. የመጣውንና በልጥ ማረፊያ የሰፈረውን የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞም ረድተዋል። ከዚያ ግንኙነት እየተሳበ የመጣው የውጫሌ ውል የተፈረመው እሳቸው በሞቱበት ዓመት ነው፤ ውሉም ወደ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። ፋሽስቶች አገራችንን ከወረሩ በኋላ ደግሞ፣ በ1939 ዓ.ም.፣ በእሳቸው ስም የተሠራ ፊልም አውጥተው ለወረራቸው ማስጌጫ አደረጉት፤ በቬኒስም በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ሽልማት ሸለሙት። ሰውየው ግን ከሞቱ ያን ጊዜ 50 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ መልስ መስጠት አይችሉም ነበር።

ቅዱስ ሰው ናቸው ያሉትም ከንቱ ነገር አልተናገሩም። በድህነት ኖረዋል፤ ተባርረው ተመልሰዋል፤ ታስረው ይቅር ብለዋል፤ በሽተኛ ዳስሰዋል። ስለዚህ ሁለቱን ወገን ካዳመጥን በኋላ የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው። የአንድ ሰው ሥራ በቤተ መንግሥት ያማከረውና በጎጆው ውስጥ የሠራው እኩል አይመዘንም። በቤተ መንግሥት የመከሩት ምክር ከእጃቸው ወጥቶ ሌሎች እንደ ፈለጉ ተጠቀሙበት። በአሰንዳቦ የሠሩት ግን፣ በሕፃን ክንድ ላይ የቀረችው የክትባት ጠባሳ፣ ከባርነት ወጥቶ ፊደል የቆጠረው ልጅ፣ ከአገሩ ተወላጆች መርጠው የሾሟቸው ቄሶች፣ ማንም ለክፋት ሊያውለው አልቻለም። እሳቸው ሲባረሩ ሁሉ የቀሩት እነዚህ ነበሩ። ጾሙ ሲደርስ የጾሙት፣ ልደት ሲደርስ ያከበሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከእኛ መካከል የኦርቶዶክስ፣ የመካነ ኢየሱስ፣ የካቶሊክና የእስልምና ቤተ ሰብ ልጆች አሉ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አብረን ነው፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ምሳውን ገለል ብሎ እየበላ፣ አንዱ በዓል ሲያከብር ሌላው ሥራውን እየሸፈነለት ነው። የክፍላችን ክርክር ፈጽሞ አልበረደም፤ ጓደኞቻችንም እስካሁን በሁለት ወገን ናቸው። ነገር ግን አሁን ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን ያውቁታል፤ የሚከራከሩትም አውቀው ነው።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን እያንዳንዳችን ወደ ማናውቀው ስፍራ እንሄዳለን። አንዳንዳችን መምህር፣ አንዳንዳችን ነርስ፣ አንዳንዳችን የቢሮ ሠራተኛ እንሆናለን፤ ከቤታችን ርቀን በሰው አገር እንግዳ ሆነን የምንኖርም አለን። የጉድሩ ሰዎች እንግዳውን እንዴት እንደ ተቀበሉት፣ እንግዳውም በጎጆው ምን እንደ ሠራ ከዚህ ታሪክ ተምረናል። ታናናሾቻችን ደግሞ በዕረፍት ጊዜ ወደ ሻምቡ በኩል የሚሄዱ ከሆነ፣ እስከ ጉድሩ ዘልቀው ስለ አሮጌው የአሰንዳቦ ገበያ ሽማግሎችን እንዲጠይቁና የሰሙትን ጽፈው በሚመጣው መጽሔት እንዲያወጡልን አደራ እንላለን።